የጠጅ ቤቱ ዱላ ተቀባይ

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እመቤቴ የምትባል ሴት ጠጅ ቤት አለ። እዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ፋንታውን ነው። ቁመቱ ረዘም፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ድምፁ ግን የለሰለሰ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። ሥራው ዱላ መቀበል ነው። ለገበያ የወረደው ገበሬ ሽመሉን፣ ሽማግሌው ከዘራውን በሩ ላይ ያስረክበዋል፤ እሱም ከበሩ ኋላ በተርታ ያስደግፈዋል። ጠመንጃ የያዘ ጭራሽ አይገባም። ጠጪው ሲወጣ ፋንታው ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ከሠላሳና አርባ ዱላ መሐል የሰውየውን መዝዞ ይሰጠዋል። ተሳስቶ አያውቅም።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር አለመጠጣቱ ነው። ቤቱ በጠጅ ሽታ ታፍኖ እየዋለ እሱ የሚጠጣው ብርዝ ብቻ ነው፤ ጌሾ ያልገባበት፣ ሕፃን የሚጠጣው የማር ውኃ። ነባር ጠጪዎች «ጡት ያልጣለው በረኛ» እያሉ ያሾፉበታል። ስቆ ያልፋል። ለምን እንደማይጠጣ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እመቤቴ፣ ሌላው የቅኔ መምህሩ የኔታ ሙላቴ።

ፋንታው የጉና ሥር ልጅ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ በጥር ወር፣ ሰርግ ተጠርቶ ሄደ። ዳሱ ውስጥ ጎረምሶቹ አንድ ጥግ ይዘው ነበርና ጨዋታቸው መጠጥ ማወዳደር ሆነ። አንዱ ጠጅን አነገሠ፤ ሌላው ደምቢያ ሄዶ የቀመሰውን ኮረፌ አወደሰ። ከመሐላቸው ሞላ የሚባል ነበር፤ ከፋንታው ጋር በወንፈል የሚያርስ፣ የቅርብ ጎረቤቱ።

ሞላ ጣሳውን ከፍ አድርጎ፣ «ምንም ብትሉ ጠላን የሚያህል የለም። ጠግበህ ትጠጣዋለህ፤ ጠጥተህም ታርሳለህ» አለ።

ፋንታው ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ሲገለብጥ ነበር የዋለው። «ጠላማ የአራስ መጠጥ ነው! ወንድ የሚጠጣው አረቄ ነው» አለ።

«እንግዲያው ወንዱ፣ እስቲ ይችን ቅመሳት!» ብሎ ሞላ የጣሳውን ዝቃጭ ፊቱ ላይ ደፋበት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ከጓዳ ብቅ ብለው ሳቁ። አተላው ከፋንታው ቅንድብ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ አዲሱ ሸሚዙ ወረደ።

ሽመሉን ከኋላው መቼ እንዳነሣው ፋንታው ዛሬም አያስታውስም። የሚያስታውሰው ድምፁን ነው፤ ደረቅ ቅል ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰጠውን ድምፅ። ሞላ ጆሮ ግንዱን ይዞ ቁጭ አለ። መልስ ሊሰጥ እንደፈለገ ሰው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በጎኑ ተጋደመ። ከጆሮው የወጣው ደም ቀጭን ነበር፤ እንዲህ ቀጥኖ ሰው ይገድላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሙሽሮቹ ሳይሸኙ ሞላ ሞተ።

በማግሥቱ የሞላ ዘመዶች የፋንታውን አባት ከቤት አውጥተው የጎድን አጥንታቸው እስኪሰበር ቀጠቀጧቸው፤ ቤቱን ከነጎተራው አቃጠሉት። ፋንታው እጁን ለፖሊስ ሰጠ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት። ወኅኒ ቤት በገባ በሦስተኛው ወር ከሞላ ወገን የሆነ አንድ እስረኛ የፈላ ሽሮ ጀርባው ላይ ገለበጠበት። ቆዳው ከካናቴራው ጋር ተገፈፈ። አባቱ በዘጠነኛው ዓመት ሞቱ፤ ሊቀብራቸው አልቻለም። በዐሥራ አንደኛው ዓመት በአመክሮ ሲወጣ ወደ ጉና የሚያስኬደው ነገር አልነበረም። ደም ያለበት ሰው በደመኛው ደጅ አያልፍም።

እመቤቴን ያገኛት እንጨት ልፍለጥ ብሎ ሥራ ሲለምን ነው። ግቢዋ ሲደርስ ሁለት ሰካራሞች በዱላ ሲተናነቁ አየ። ዘሎ መሐላቸው ገባ። አንዱን ዱላ በእጁ ጨበጠው፤ ሌላው አናቱን ፈነከተው። ደሙ በዓይኑ ላይ እየወረደ ሁለቱን ዱላዎች ቀምቶ በአጥር ወረወራቸው፤ ሰዎቹን ግን ጫፋቸውን አልነካም።

እመቤቴ ነጠላዋን ቀዳ አናቱን እያሰረችለት፣ «ምን ዓይነት ሰው ነህ? እንዲህ ፈንክተውህ እንዴት አትመታም?» አለችው።

«የመታሁት ይበቃኛል፣ እትዬ» አላት። ከዚያም ሳትጠይቀው ሁሉን ነገራት። ሰምታው ስታበቃ፣ «እንግዲያው ከበሩ ቁም። ዱላ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልግ» አለችው።

እመቤቴ ራሷ ብዙ ያየች ሴት ናት። ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት በቤት ሠራተኝነት ኖራለች። የአሠሪዋ ባል ከምድር ቤቱ የወይን ጠጅ ያከማች ነበር። ገና እንደ ሄደች፣ አንድ ቀን አንዱን ጠርሙስ አንሥታ ወጥ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ አቆመችው። አሠሪዋ አይታ በጥፊ አጮለቻት፤ ያ አልበቃ ብሏት ፀጉሯን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ጎተተቻትና ግንባሯን ከመደርደሪያው ጋር እያጋጨች፣ ጠርሙስ እንደሚጋደም፣ ቡሹ ከወይኑ ካልራሰ ደርቆ አየር እንደሚያስገባ፣ ሙቀትና ብርሃን ወይንን እንደሚገድል አስተማረቻት። የግንባሯ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። «የወይን ትምህርቴን በግንባሬ ጽፈውልኛል» ትላለች።

አገሯ ገብታ ጠጅ ቤት ስትከፍት ታዲያ ትምህርቱን አልጣለችውም። ከጓሮ፣ ከጌሾው ተክል ሥር፣ ግድግዳው በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ ቤት አስቆፈረች። ስድስት ደረጃ ወርደው ነው የሚገቡት። የደብረ ታቦር ብርድ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፤ እዚያ ውስጥማ በበጋም ትንፋሽ ይታያል። ከአዲስ አበባ የምታስመጣውን ቀይ ወይን ለሰርግና ለክርስትና ትሸጣለች። ጉድጓዱን የሚጠብቀው፣ ጠርሙሶቹን የሚያጋድመው ፋንታው ነው።

አራት ዓመት እንዲህ በሰላም ኖረ። ሰላም ከተባለ።

አንድ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንድ ሃያ አራት ዓመት የሚሆነው ጎልማሳ መጣና ሳይጠየቅ ሽመሉን ለፋንታው ዘረጋለት። አዲስ ሽመል ነው፤ ቅቤ የጠጣ፣ ጫፉ በብረት የታሰረ። ፋንታው ተቀብሎ፣ «ግባ ወንድሜ» አለው። ልጁ ለአፍታ ቆሞ ፊቱን አየውና ገባ። ከበሩ አቅራቢያ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከየኔታ ሙላቴና ደሳለው ከሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አጠገብ ተቀመጠ።

ደሳለው ሴት ልጁን በማግሥቱ ክርስትና ያስነሣ ነበርና ደስታው ወሰን አልነበረውም። «የኔታ፣ እርስዎ ምን ይመርጣሉ? እውነቱን ይንገሩኝ» አለ።

«እኔ ጠላ ነው የምወድ» አሉ የኔታ፤ «ጠጅ ግን ጠጅ ቤት ስመጣ ለጨዋነት እጠጣለሁ።»

«ሦስተኛ ብርሌዎ እኮ ነው!»

«ጨዋነቴ ብዙ ነው።»

ሰው ሳቀ። ደሳለው ቀጠለ፤ «እኔ በበኩሌ ሁሉንም ቀምሻለሁ። ቢራ ሆድ ይነፋል፤ አረቄ ጠብ ይጠራል። ወይን ነው እንጂ! ነገ ለክርስትናው የምከፍተው ወይን ነው። ግን እትዬ እመቤቴ፣ ለምንድን ነው እንደ ሬሳ የምታጋድሚው?»

እመቤቴ ከጓዳ በር ላይ ሆና፣ «የቆመ ወይን ይኮመጥጣል፤ እንደ አንተ ዓይነቱ ደግሞ ሲያየው ይጠጣዋል» ብላ መለሰችለት።

ደሳለው እየሳቀ ወደ ጎልማሳው ዞረ። «አንተስ ወንድም? ምን ትመርጣለህ?»

ልጁ ብርሌውን አስቀመጠ። «እኔ መጠጥ አልመርጥም» አለ። «ወንድሜ ነበር የሚመርጥ። ጠላ ይወድ ነበር።»

በሩ ላይ የቆመው ፋንታው ይህን ሰማ። ቀስ ብሎ ዞሮ ልጁን ልብ ብሎ አየው። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው። ቅንድቡ ተጋጥሟል። ሞላ ሲሞት አንድ የዘጠኝ ዓመት ወንድም ነበረው፤ ዳሱ ውስጥ ሬሳው ላይ ተንከባሎ የጮኸ፣ ፋሲል የሚባል። ፋንታው መቃኑን ያዘ።

በዚህ መሐል እመቤቴ፣ «ፋንታው፣ ለደሳለው ስድስት ጠርሙስ አውጣለት» አለችው። ፋንታው ወደ ጓሮ ሄደ። ጎልማሳውም ተነሥቶ፣ «ሲጋደም አይቼ አላውቅ፤ እስቲ እኔም ልየው» ብሎ ተከተለው። ማንም ነገሬ አላለውም።

ፋንታው መከተሉን አውቋል። መጮህ ይችል ነበር፤ አልጮኸም። ደረጃውን ወርዶ ፋኖሱን ሰቀለና ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ጠርሙስ መልቀም ጀመረ። ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ይንቋቋሉ።

«ስንት ዓመት ይቀመጣል?» አለ ልጁ ከኋላው።

«ዐሥር ዓመት የሚቆይ አለ ይላሉ።»

«እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ያስቀመጥሁት አለኝ።»

ፋንታው ዞረ። «አውቄሃለሁ፣ ፋሲል። የመጣህበትን አድርግ» አለው። ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ወኅኒ ቤት ሆኖ ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስቦታል፤ እጁን አጣጥፎ እንደሚሞትና ዕዳው እንደሚዘጋ።

ፋሲል አንድ ጠርሙስ አነሣና ፊቱ ላይ ሰበረው። ወይኑና ደሙ አንድ ላይ ፈሰሰ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ፋንታው ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ እጁን አላነሣም። ሁለተኛው ጠርሙስ ትከሻው ላይ አረፈ። ሦስተኛው ሳይሰበር ጎድኑን መታው፤ የውስጥ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማው። ፋሲል እያለቀሰ ነበር የሚመታው፤ «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር! ዘጠኝ ዓመቴ!» ይላል። ከዚያ የተሰበረውን የጠርሙስ አንገት ጨብጦ ስለቱን ወደ ፋንታው ጉሮሮ ሰደደ።

ያኔ የፋንታው እጅ ብድግ አለ። ልቡ ሙት እያለው ሥጋው እምቢ አለ። ስለቱን በግራ መዳፉ ያዘው፤ ጠርሙሱ ጅማቱን እየበጠሰ አጥንቱ ድረስ ገባ። በቀኙ ልጁን አንገቱን አንቆ ከመሬት አነሣውና ከስባሪው ላይ በጀርባው ጥሎት ላዩ ላይ ወጣ። አነቀው። የፋሲል ዓይን ፈጠጠ፤ እግሩ መደርደሪያውን ሲራገጥ ጠርሙሶች እየተንከባለሉ ወረዱ። ፋንታው አንድ ነገር እየተናገረ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቀውም። ደስ የሚል ነገር ተሰምቶት ነበር፤ በኋላ ለየኔታ ሲናዘዝ ያስለቀሰው ይህ ነው። እንደዚያ ቀን በዳሱ ውስጥ፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ደስ ብሎት ነበር።

እመቤቴ የጠርሙሱን ጩኸት ሰምታ ጌሾ የሚወቀጥበትን ዘነዘና እንደያዘች ወረደች። «ልቀቀው!» አለች። አልለቀቀም። «ፋንታው! ልቀቀው!» የፋሲል ከንፈር ጠቁሮ ነበር። ዘነዘናውን በሁለት እጇ አነሣችና በሙሉ ኃይሏ የቀኝ ትከሻው አጥንት ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ቀው ብሎ ተሰበረ። እጁ ተፈታ።

ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ፈላ። ጩኸቱን የሰማ ጠጪ ሁሉ፣ ግማሹ ለፋንታው፣ ግማሹ ከጉና ወገን ሆኖ ለልጁ ወግኖ፣ ዱላውን ሊያነሣ ወደ በሩ ተንጋጋ። ደሳለው በአንዱ አፍንጫ ላይ ብርሌ ሰብሮ ነበር። የኔታ ሙላቴ ግን ቀድመው ደርሰው ዱላዎቹ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አሉና ጋቢያቸውን ዘረጉ። «ዱላውን የሚፈልግ አስቀድሞ እኔን ይርገጥ። በእግዚአብሔር ስም ገዝቻለሁ!» ብለው ጮኹ። አንዱ ገፍትሯቸው ጥምጥማቸው ወለቀ፤ አልተነሡም። የሰባ ዓመት መምህር ሊረግጥ የደፈረ ጠፋ። ፖሊስ የደረሰው እንዲህ ተፋጠው ሳሉ ነው።

ሁለቱን ሆስፒታል ወስደው፣ አልጋ ጠቦ ነበርና፣ አንድ ክፍል ውስጥ አስተኟቸው፤ በመሐላቸው አንድ ፖሊስ ወንበር ላይ ተቀምጦ። በሦስተኛው ቀን የሞላና የፋሲል እናት ፈንታነሽ ከጉና በእግራቸው ወርደው ገቡ። ልጃቸውን አዩት፤ አንገቱ ጠቁሮ ያበጠ ነው፤ ድምፁ አይወጣም። ከዚያ ወደ ሌላው አልጋ ዞሩ።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

በጥፊ መቱት። ደገሙት። የተሰፋው ጉንጩ ደማ። ፖሊሱ ሊነሣ ሲል ፋንታው በዓይኑ ከለከለው። አሮጊቷ መዳፋቸው እስኪዝል፣ ትንፋሻቸው እስኪያጥር መቱትና ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ።

«አንዱን በላህብኝ» አሉ። «ይኸኛውን አንቀህ ይዘህ፣ ምረህ ለቀቅኸው ብለው ነገሩኝ። ምን ብዬ ልጥራህ? ገዳይ ነው የምልህ ወይስ መሓሪ?»

ፋንታው መዋሸት ይችል ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ብሎ አውርቶለታል፤ ደሳለው ለከተማው ሁሉ «ራሱ ነው የለቀቀው» እያለ ነበር። «አልማርሁትም፣ እማማ» አለ። «እገድለው ነበር። እመቤቴ ናት አጥንቴን ሰብራ ያስለቀቀችኝ።»

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩት። «ዐሥራ አምስት ዓመት» አሉ፣ «የእናንተ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር፣ ሳያስበው ነው፣ መጠጡ ነው፣ ሰይጣን ነው ይሉኛል። እውነት የነገረኝ የለም።» ተነሥተው ወደ ልጃቸው አልጋ ሄዱ።

ፋንታው «አልከስም» ቢልም መንግሥት ከሰሰና ፋሲል ስምንት ወር ታሰረ። ሲፈታ የኔታ ሙላቴ አምስት ሽማግሌ ይዘው ጉና ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው እሺ ተባለ። ፋንታው በከተማው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ድንጋይ ተሸክሞ ፈንታነሽ እግር ሥር ወደቀ። እሳቸው ድንጋዩን ከአንገቱ አንሥተው አስቀመጡት። ፋሲል ግን አልቀረበም። በተጎዳው፣ በሻከረው ድምፁ፣ «እናቴ ትታረቅ። እኔ አልገድለውም፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ» ብሎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው። የኔታ ግን፣ «ዛሬ ይኸን ሰጥቶናል፤ እንቀበለው» አሉ።

ፋንታው ወደ በሩ ተመለሰ። የግራ እጁ ጣቶች አይታጠፉም፤ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሁለት ሰባት ቢሰነብትም አልተፍታቱም። ዱላውን አሁን በቀኙ ነው የሚቀበለው። ብርድ ሲሆን ትከሻው ያመዋል፤ እመቤቴ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ከፋሲል ጋር በገበያ ይገናኛሉ፤ አንዱ መንገድ ይለቃል፣ ሌላው ያልፋል።

ባለፈው ክረምት ፈንታነሽ ታመሙ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት መኪና አይደርስም፤ ሠፈርተኛው ግማሹ በተስቦ፣ ግማሹ በሥራ ተይዞ ተሸካሚ አጥሯል ተብሎ በገበያ ተወራ። ፋንታው ይህን ሲሰማ በሩን ለእመቤቴ ትቶ ወጣ። ከሰርጉ ቀን በኋላ ረግጦት የማያውቀውን ዳገት ግማሽ ቀን ወጣ። ሲደርስ አሮጊቷ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ወደ ሆስፒታል ሊወሰዱ ነበር። ሦስት ሰው አለ፤ አራተኛው ጫፍ ባዶ ነው። ማንም ግባ አላለውም፤ ማንም ሂድ አላለውም። ጎንበስ ብሎ በደህናው ትከሻው ተሸከመ።

ከጎኑ ያለውን ጫፍ የያዘው ፋሲል ነበር። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አንድ ሰዓት ያህል ቃል ሳይተነፍሱ ወረዱ። ከአንድ ጅረት አፋፍ ሲደርሱ ፋሲል ፊቱን ሳያዞር፣ «ቀስ በል፤ እዚህ ጋ ያንሸራትታል» አለው።

«እሺ» አለ ፋንታው፤ እርምጃውንም አሳጠረ።